ከቆላ መልስ ለሚነሣ ትኩሳት፦ በአዲስ አበባ የወባ የደም ምርመራ ከመነሻው እስከ ውጤቱ

«አዲስ አበባ ላይ ወባ የለም» የሚለው አነጋገር ለትንኟ እንጂ ለነዋሪው አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ የሚያስፈልገውን ሙቀት በቀላሉ አያገኝም። ሰው ግን ዓርብ ማታ ወጥቶ እሑድ ይመለሳል፤ ተውሳኩንም በደሙ ይዞ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ካለ ክሊኒክ ደጃፍ ይሰለፋል። ጋምቤላ ወይም መተማ የሚሠራ ባለሙያ ትኩሳት ያለው ሰው ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። መሐል አዲስ አበባ ያለው ግን ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

መመሪያው የተጻፈው ለታማሚውና ለአስታማሚው ነው። መሐል ላይ ስለ ስላይድ (ደም ስለሚቀባበት ትንሽ መስተዋት) አሠራር በሰፊው የምጽፈው ግን ሆነ ብዬ ነው፤ ከላቦራቶሪው መስኮት ጀርባ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የተሰጠውን ውጤት ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል።

1. ያደሩበትን ቦታ ይጻፉ

ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው፤ ገንዘብም መርፌም አይጠይቅም። ባለፉት ጥቂት ወራት ከአዲስ አበባ ውጪ ያደሩባቸውን ቦታዎች፣ የሄዱበትንና የተመለሱበትን ቀን በወረቀት ወይም በስልክዎ ላይ ያስፍሩ።

«ጉዞ ነበረዎት?» ሲባል አብዛኛው ሰው ሳያስብ «የለም» ይላል። መዋሸቱ አይደለም። ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መታደም፣ ልጅን ከዩኒቨርሲቲ ማምጣት፣ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ አንድ ሌሊት ማሳለፍ በብዙዎቻችን ዘንድ ጉዞ አይባልም። ለትንኟ ግን አንድ ምሽት ይበቃታል። ስለዚህ ሐኪሙ «ጉዞ» ብሎ ቢጠይቅዎትም እርስዎ «የት አደርኩ?» ብሎ እንደጠየቀዎት አድርገው ይመልሱ።

ጋምቤላ፣ ሑመራና መተማ በወባ የታወቁ ስለሆኑ ማንም አይረሳቸውም። የሚዘነጉት ቅርቦቹ ናቸው፦ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ባቱ፣ ሐዋሳ። እነዚህም፣ አርባ ምንጭና ባሕር ዳርም ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ናቸው፤ በአገራችን ወባማ የሚባለው አካባቢም በአብዛኛው ከዚህ ከፍታ በታች ያለው ነው። በአብዛኛው ማለቴን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣውና 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን የገደለው ወረርሽኝ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ቦታዎችንም ነክቶ ነበር።

«ያደርኩት ከተማ ሆቴል ነው፤ ገጠር አልወጣሁም» የሚለውም እንደ ድሮው አያስተማምንም። በውኃ በርሜልና በታንከር ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከታየው ወረርሽኝ ጀርባም እርሷ ነበረች።

ቀኑን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? የወባ ምልክት ትንኟ በነከሰች ማግስት አይመጣም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም በተባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይጀምራል። ወደ ቆላ በወረዱ በሦስተኛው ቀን የጀመረ ትኩሳት ከዚያ ጉዞ የመጣ ወባ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። ቫይቫክስ የተባለው ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ስለሚችል የባለፈውን መስከረም ጉዞ በሚያዝያ ማንሣት አያሳፍርም። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ እንዳለፈ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም አነስ ያለ ማገርሸት አለ።

ቤት ውስጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ መጨመቁን አልቃወምም፤ ሽታው ራሱ ደስ ይላል። ብቻ ምርመራውን አያስቀርብዎት።

2. የት ይሂዱ? ምን ይያዙ?

ለወባ ምርመራ ትልቅ ሆስፒታል የግድ አይደለም። በቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ማይክሮስኮፕና ልምድ ያለው ባለሙያ ያለው ክሊኒክ ይበቃል። ይሁን እንጂ ታማሚው ግራ የተጋባ፣ የሚያንቀጠቅጠውና ራሱን የሚስት፣ በተደጋጋሚ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ወረፋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ምልክቱ እስኪከፋ ማቆየት አይገባም።

ሐኪሙ በላቦራቶሪ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ደም ፊልም» (ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ብሎ ሲያዝ ያደሩበትን ቦታ ስም እዚያው ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጠው ባለሙያ እርስዎን ላያይዎት ይችላል፤ ወረቀቱን ግን ያያል። «ከመተሐራ የተመለሰ» የሚል ሁለት ቃል ዓይንን ያነቃል።

ከፋርማሲ ገዝተው የጀመሩት የወባ መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። ግማሽ ኪኒን እንኳ ወስደው ከሆነ አይደብቁ፤ በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ አሳንሶ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ፓራሲታሞል ምርመራውን አያበላሽም። ምግብ መብላትም ችግር የለውም፤ በባዶ ሆድ መምጣት የሚያስፈልግ የሚመስላቸው ሰዎች በረሃብ ላይ ትኩሳት ተጨምሮባቸው ወረፋ ላይ ሲደክሙ ይታያሉ። ብርድ ብርድ የሚልበትንና የሚያንዘፈዝፍበትን ሰዓት መጠበቅም አያስፈልግም። ሰውነትዎ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓትም ደም ይሰጣል።

3. ጣት ሲወጋ

ለአዋቂ ሰው የሚመረጠው የግራ እጅ የቀለበት ጣት ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን ተረከዝ። ባለሙያው ጣቱን በአልኮል ይጠርጋል፤ ከዚያ አልኮሉ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። እርጥብ አልኮል ከደም ጋር ሲቀላቀል ቅቡን፣ ማለትም ስላይዱ ላይ የሚቀባውን ደም፣ ያበላሻል። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጥጥ ይጠረግና የሚቀጥለው ይወሰዳል።

እርስዎ የሚከታተሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መውጊያው ላንሴት ዓይንዎ እያየ ከማሸጊያው ይውጣ። ሁለተኛ፣ ስላይዱ ላይ የእርስዎ ካርድ ቁጥር ወይም መለያ ይጻፍ፤ በአንድ ጠዋት በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች መምጣታቸው ብርቅ አይደለም። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ወንድሜ፣ ቁጥሬን ጽፈኸዋል?» ቢባል ሥራውን የሚወድ ባለሙያ አይቆጣም።

ከክንድ ደም ሥር በወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ቱቦ ከተቀዳም ይሠራል። ነገር ግን በቱቦው ውስጥ ያለው የደም መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል እያደር የተውሳኩን ቅርጽ ስለሚያበላሽ ቅቡ ቶሎ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት። ጠዋት የተቀዳ ደም ከሰዓት በኋላ ስላይድ ሲሠራበት አልወድም።

4. ስላይዱ

በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ቅብ ይሠራል። ወፍራሙ ቅብ ተውሳኩ መኖር አለመኖሩን ለመፈለግ ነው፤ ስሱ ደግሞ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት።

ለወፍራሙ 6 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ይበቃል። በሌላ ስላይድ ጥግ እየተዞረ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት እስኪኖረው ክብ ሆኖ ይሰፋል። ውፍረቱን ለመለካት የቆየ ዘዴ አለ፤ ስላይዱን ገና እርጥብ ሳለ ጋዜጣ ላይ ማስቀመጥ። የአዲስ ዘመን ፊደል በደሙ ውስጥ አልፎ በመጠኑ ከተነበበ ልክ ነው። ጨርሶ ካልታየ ወፍሯል፤ ሲታጠብ ተላጦ ይሄዳል። ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ሳስቷል።

ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተኝቶ በአየር ይደርቃል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በክረምት የአዲስ አበባ ብርድና እርጥበት ማድረቁን ስለሚያዘገየው አንዳንዱ ስላይዱን ወደ ምድጃ ወይም ወደ አምፖል ያስጠጋዋል። ሙቀት ግን ደሙን መስተዋቱ ላይ ያጣብቀውና ቀይ የደም ሕዋሳቱ ኋላ እንዳይፈነዱ ያደርጋል፤ ያኔ ወፍራም ቅብ መሥራቱ ትርጉም ያጣል። ዝንብም ጠላት ናት፤ ያልተሸፈነ ስላይድ ላይ አርፋ ደሙን ትልሳለች።

ስሱ ቅብ 2 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ይበቃዋል። የሌላ ስላይድ ጠርዝ 45 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ ሳይቆም በአንድ ጉዞ ይገፋል፤ መጨረሻው ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚታዩበት ስስ ጫፍ ይሆናል። ይህ ቅብ ሲደርቅ ሕዋሳቱን መስተዋቱ ላይ የሚያጣብቀው ሜታኖል የተባለ አልኮል ይነካል። ወፍራሙን ሜታኖል ሊነካው አይገባም፤ ሁለቱ በአንድ ስላይድ ላይ ስላሉ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙ ጊምሳ ነው። በ10 በመቶ ከተበጠበጠ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በ3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ጊዜ ካለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ረጋ ብሎ ስለሚይዝ ንጹሕ ይወጣል። የመበጥበጫው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.2 መሆን አለበት። የቧንቧ ውኃ እንዳለ መጠቀም የቀለሙን መልክ ይለውጠዋል። ብጥብጡ የዕለት ይሁን፤ የቆየ ቀለም ዝቃጭ ይጥላል፤ ዝቃጩም ማይክሮስኮፕ ሥር ለልምድ የለሽ ዓይን ተውሳክ መስሎ ይታያል። ሲታጠብም ከላይ የሰፈፈው ቀለም በቅድሚያ በቀስታ በውኃ ተንሳፍፎ ይውጣ እንጂ ስላይዱ ተዘቅዝቆ አይደፋ።

ወፍራሙ ቅብ ከቀለሙ ጋር ውኃ ሲያገኝ ቀይ ሕዋሳቱ ፈንድተው ይታጠባሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ቅንጣቶች)ና ካለ ተውሳኩ ይቀራሉ። ከስሱ ይልቅ ብዙ ደም በአንድ ጊዜ የሚታየው ለዚህ ነው።

ንባቡ ዘይት ተጠቅሞ በ100 እጥፍ ሌንስ ነው፤ ከዓይን መስተዋቱ ጋር 1,000 እጥፍ ይሆናል። ተውሳክ ለመባል ሁለት ቀለም አብሮ መታየት አለበት፤ ቀይ አስኳልና ሰማያዊ አካል። ቀይ ነጥብ ብቻውን ፕላትሌት ወይም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። በወፍራሙ ቅብ ቢያንስ 100 መስክ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ) ሳይታይ «የለም» አይባልም።

አሁን ጊዜውን ይደምሩ። መድረቅ፣ 10 ደቂቃ መቀለም፣ መታጠብ፣ እንደገና መድረቅ፣ 100 መስክ ማየት። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት አያልቅም። ደም በሰጡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ደም ፊልም ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ከተሰጠዎት «ወፍራሙን ቅብ አይታችሁታል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። የቸኮለ ውጤት ለታማሚው ደስ ይላል፤ ለምርመራው ግን አይበጅም።

5. ፈጣኑ ምርመራ

ማይክሮስኮፕ ከሌለ ወይም ባለሙያው ከሥራ ከወጣ ትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ ትመጣለች። 5 ማይክሮ ሊትር ደምና ከራሷ ማሸጊያ የመጣ ፈሳሽ ጠብታ ይደረግባታል፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታ ትነበባለች። መመርመሪያዋ መሥራቷን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ ይደገማል። የወባው መስመር ደብዛዛ ቢሆንም ከወጣ ወባ ነው። ከተባለው ሰዓት አልፎ የወጣ መስመር ግን አይቆጠርም።

ሁለት ድክመቶቿን ይወቁ። አንዳንዶቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ከታከሙም በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ ባለፈው ወር የታከመ ሰው ዛሬም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ያጡ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ተውሳኩ እያለ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ኤልዲኤች የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች ይመረጣሉ። የትኛው እንደተሠራልዎት መጠየቅ መብትዎ ነው።

6. ውጤቱን ማንበብ

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ደረጃው።

ዓይነቱ በአብዛኛው ፋልሲፓረም ወይም ቫይቫክስ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። «ወባ ተገኝቷል» ብቻ ብሎ ያበቃ ወረቀት ሥራው ግማሽ ነው፤ መልሰው ይውሰዱት። ፋልሲፓረም በፍጥነት ሊገድል የሚችለው ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ስለሚደበቅ ሌላ መድኃኒት ይጨመርለታል። ዓይነቱ ካልታወቀ ሐኪሙ በጭፍን ያዛል።

ብዛቱ ብዙ ጊዜ በመደመር ምልክት ይጻፋል። አንድ መደመር በ100 መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ተውሳክ ማለት ነው፤ ሁለት ከ11 እስከ 100። ሦስት መደመር በአንድ መስክ ብቻ ከ1 እስከ 10 ሲሆን፣ አራት ደግሞ በአንድ መስክ ከ10 በላይ ነው። በሁለትና በሦስት መካከል ያለው ርቀት ለዓይን ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። የተሻለው ዘዴ ቆጠራ ነው፦ 200 ነጭ የደም ሕዋስ እስኪቆጠር ድረስ የታዩት ተውሳኮች በ8,000 ተባዝተው ለ200 ይካፈላሉ። 150 ተውሳክ ከታየ በአንድ ማይክሮ ሊትር 6,000 ይሆናል። 200 ነጭ ሕዋስ ተቆጥሮ ተውሳኩ 100 ካልሞላ ቆጠራው እስከ 500 ነጭ ሕዋስ ይቀጥላል፤ ማካፈያውም 500 ይሆናል። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካገኙ ያስቀምጡት፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታየው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ደረጃው «ትሮፎዞይት» ወይም «ጋሜቶሳይት» ተብሎ ይጻፋል። የሚያሳምመው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ትንኟ የሚተላለፈው ነው። ሕክምናውን ጨርሰው የፋልሲፓረም ጋሜቶሳይት ብቻ ከታየ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

7. «የለም» ከተባለ

አንድ ነጻ ስላይድ ወባን አይፍቅም። ያደገው የፋልሲፓረም ተውሳክ በውስጥ አካላት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ከጣት የተወሰደ ደም ላይ ላይታይ ይችላል። በነፍሰ ጡር ደግሞ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይከማቻል። ትኩሳቱ ከቀጠለና የቆላ ጉዞ ካለ ምርመራው ከ12 እስከ 24 ሰዓት እየቆየ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በሁለተኛው ቀን ተመልሰው ሲመጡ «ትናንት ነጻ ተባልኩ» ብለው የድሮውን ወረቀት ያሳዩ።

ይህን የምለው የከተማችንን ልማድ ስለማውቅ ነው። ደም ፊልሙ ነጻ ሲሆን ከጎኑ የታዘዘው የታይፎይድ ምርመራ ፖዘቲቭ ይወጣል፤ ታማሚውም የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ዊዳል የተባለው ይህ ምርመራ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ የቆየ ሕመም ወይም ሌላ ባክቴሪያም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የዊዳል ወረቀት ወባን መፈለግ የሚያስቆም ማስረጃ አይደለም።

ሌላም አለ። ያው ደም ፊልም ላይ አንዳንዴ ወባ ሳይሆን ጠመዝማዛ ክር የሚመስል ባክቴሪያ ይታያል፤ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው። ይህ ሕመም ቆላ መውረድ አይጠይቅም፤ በብርዱ ወቅት ተጨናንቀው በሚያድሩና በጎዳና በሚኖሩ ሰዎች ላይ ይታያል። ስለዚህ ጉዞ የሌለው ትኩሳታም ሰውም ደም ፊልም ቢታዘዝለት ከንቱ ድካም አይደለም።

8. ከታየ

መድኃኒቱን ሐኪሙ እንደ ዓይነቱ ያዛል። ለፋልሲፓረም በአብዛኛው ለሦስት ቀን የሚወሰደው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን፣ ማለትም ኮአርተም ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። የጾም ወቅት ከሆነ ዘይት ያለበት ወጥ ይሆናል። ለቫይቫክስ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ሊጨመር ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት መኖር አለመኖሩ ቢመረመር ይመረጣል፤ እጥረቱ ባለበት ሰው ላይ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ከጠረጠሩ ገና ሳይታዘዝልዎት ይናገሩ።

መድኃኒቱን ጀምረው በሦስተኛው ቀንም ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት፣ ወይም ለቆዎት በወሩ ውስጥ ከተመለሰ፣ ፈጣኗን መመርመሪያ ሳይሆን ስላይድ እንዲሠራልዎት ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያና የጀመሩበትን ቀን ይዘው ይሂዱ።